ልጆቻችንን ወደ የትኛው ኮሌጅ እንላክ?

በአሜሪካን አገር ለሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የዐቢይ ጾም ወራት ከጾሙና ከጸሎቱ ጋራ ሌላ ነገርም የሚጠበቅበት ወራት ሆኗል። በመጋቢት ወር ውስጥ ኮሌጆች ላመለከቱ ተማሪዎች መልስ ይልካሉ፤ ተማሪውም ከተቀበሉት ኮሌጆች አንዱን መርጦ የሚያስታውቅበት የተለመደው የመጨረሻ ቀን በዚያ አገር አቈጣጠር ሜይ 1 ቀን ነው። ይኸውም በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 23 ቀን፣ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል የሚውልበት ዕለት ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሚሰማው ወሬ ሁሉ የኮሌጅ ወሬ ነው። «የእገሌ ልጅ እዚህ ገባች፤ የእገሊትም ልጅ እዚያ ገባ» ይባላል፤ ወላጆችም «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይባላሉ። ደስታው የሚነቀፍ አይደለም፤ በሰው አገር ሌት ከቀን ሠርቶ ልጅን ለከፍተኛ ትምህርት ማብቃት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ወሬ መካከል የኮሌጁ ስም እንጂ የክፍያው ነገር ሲነሣ ሰምተን አናውቅም።

እኛ በዚያው አገር በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የምንሠራ፣ እሑድ እሑድም በአጥቢያችን ሕፃናትን የምናስተምር በመሆናችን፣ የደብዳቤው ቋንቋ የከበዳቸው ወላጆች ወደ እኛ ይመጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሆሣዕና ዕለት አንዲት እናት ሦስት ወረቀቶች በነጠላቸው ሥር ይዘው መጡና «መምህር፣ እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ። ባለቤቴ ሁሉ ነገር ተችሏል ይላል፤ እኔን ግን ልቤ እሺ አላለኝም» አሉን።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው በሰሜን ምሥራቅ ከሚገኝ ስሙ ከተጠራ የግል ኮሌጅ ነው። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ፣ ይኸውም የትምህርት ክፍያው፣ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ መጽሐፉና መጓጓዣው ተደምሮ 88,000 ዶላር መሆኑን ይገልጻል። ከዚያ በታች «ርዳታ» በሚል ርእስ አራት መስመር ተዘርዝሯል፤ 46,000 ዶላር ከኮሌጁ፣ 5,500 ዶላር በተማሪዋ ስም፣ 3,000 ዶላር በሥራ፣ 33,500 ዶላር ደግሞ በወላጅ ስም። በመጨረሻው መስመር ላይ ቀሪው ክፍያ 0 ተብሎ በደማቅ ቀለም ተጽፏል። አባትየው ያዩት ይህንን ዜሮ ነበረ።

ከነዚህ ከአራቱ መስመሮች ርዳታ ተብሎ ሊጠራ የሚገባው የመጀመሪያው ብቻ ነው። እርሱ ግራንት የሚሉት የማይመለስ ስጦታ ነው። በተማሪዋ ስም የተጻፈው 5,500 ዶላር ከመንግሥት የሚገኝ ብድር ሲሆን፣ በወላጅ የሚደገፍ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ሊበደር የሚችለው የመጨረሻው ልክ ይህ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ተማሪው ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ መንግሥት ወለዱን የሚችልለት ቢበዛ 3,500 ያህሉን ብቻ ነው። ሦስተኛው መስመር ልጅቱ በኮሌጁ ውስጥ እየሠራች በደመወዝ የምታገኘው ነው፤ ሥራው ካልተገኘ ወይም ጊዜ ካነሳት ገንዘቡ የለም፤ ቢገኝም በየወሩ የሚመጣ እንጂ በመግቢያው ቀን የሚቈጠር አይደለም። አራተኛው ፓረንት ፕላስ የሚባለው የወላጅ ብድር ነው። ይህ ብድር የሚሰጠው ወላጁ የተበላሸ የብድር ታሪክ የሌለበት መሆኑ ታይቶ እንጂ፣ ከገቢው መክፈል መቻል አለመቻሉ ተመርምሮ አይደለም። ተበዳሪውም ወላጁ ነው፤ ልጁ ተመርቆ ሥራ ቢይዝ እንኳ ዕዳው ወደ እርሱ አይተላለፍም። በዚያን ጊዜ ወላጅ ከሌላው ርዳታ የተረፈውን ወጪ በሙሉ መበደር ይችል ነበረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2025 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደሩ ወላጆች፣ ስለ አንድ ልጅ በዓመት ከ20,000 ዶላር፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር እንዳያልፍ ተወስኗል። ገደቡ መልካም ነው፤ ሆኖም በሽምግልና ዋዜማ ላይ ላለ ሰው 65,000 ዶላርም ቀላል ሸክም አይደለም።

ሁለተኛው ደብዳቤ ቤተ ሰቡ ከሚኖርበት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ጠቅላላ ወጪው 31,000 ዶላር ሲሆን ስጦታው 9,000 ብቻ ነው። ከ46,000 ጋራ ሲተያይ 9,000 እንደ ስድብ የሚቈጠር መሰለ፤ አባትየውም በዚህ ተቀይመው ነበር። ነገር ግን መነጻጸር ያለበት የተሰጠው ሳይሆን የሚቀረው ነው። ከመጀመሪያው 42,000 ይቀራል፤ ከሁለተኛው 22,000፤ ልጅቱ ከቤቷ እየተመላለሰች ብትማር ደግሞ የማደሪያውና የምግቡ 13,000 ወርዶ 9,000 ይቀራል። ሦስተኛው ወረቀት የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማስታወቂያ ነበረ፤ እናትየው ከሌሎቹ በታች ደብቀው ስለ ያዙት በመጨረሻ ነው ያየነው።

በማግስቱ ማታ ወደ ቤታቸው ሄድን። አባትየው ቀን በአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳሉ፤ ሌሊት ደግሞ በአንድ ሕንፃ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፤ ዕድሜያቸው ከ55 አልፏል። በወላጅ ስም የተጻፈውን 33,500 በ4 ዓመት አባዝተን ያለ ወለዱ 134,000 ዶላር መሆኑን በወረቀት ላይ ስናሳያቸው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና፣ «እኔ እኮ በሰው ፊት ተናግሬአለሁ፤ አሁን ምን ብዬ እመለሳለሁ?» አሉ። እኛም ይህን ቃል ስንሰማ ነገሩ የቍጥር ብቻ አለመሆኑን ተረዳን።

ልጅቱ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። አባቷ በዓመት ስንት እንደሚያገኙ፣ የቤቱ ዕዳ ስንት እንደቀረ፣ ደብረ ታቦር ላሉት አያቷና ለአጎቷ ልጆች በየወሩ ስንት እንደሚላክ አታውቅም። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ገቢን ለልጅ መንገር ነውር ይመስለናል፤ ልጁ እንዳይሳቀቅ ብለን እንደብቃለን። እናትየው አንድ በአንድ ሲነግሯት ልጅቱ አንገቷን ደፋችና «አባዬ፣ ለምን እስከ ዛሬ አልነገራችሁኝም? ባውቅ ኖሮ እኮ እዚያ አላመለክትም ነበር» አለች። አባትየው መልስ አልነበራቸውም። እኛም አልነበረንም፤ ምክንያቱም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ስለ ልጅቱ የምስክርነት ደብዳቤ የጻፍንላትና «ይህ ኮሌጅ ስሙ ትልቅ ነውና አያምልጥሽ» ብለን ያበረታታናት እኛው ነን። ጌታችን በወንጌል ግንብ ሊሠራ ስለወደደውና አስቀድሞ ወጪውን ስለሚቈጥረው ሰው የተናገረውን ምሳሌ ለሕፃናቱ ስንት ጊዜ አስተምረናል! የልጅቱን ወላጆች ግን አንድ ቀን እንኳ ስለ ወጪ አልጠየቅናቸውም።

ሌላም ያልጠየቅነው ነበር። ልጅቱ ከሁሉ አስቀድማ የምትመኘው ነርስነትን ነው። ይህን ታላቅ የተባለ ኮሌጅ የትምህርት ክፍሎች ዝርዝር በዚያ ማታ ብንመለከት የነርስነት ክፍል የለውም! ነርስ ለመሆን 4 ዓመት ሌላ ነገር ተምራ፣ እንደገና ሌላ ትምህርት ቤት መግባት ይኖርባታል። አባትየው በልባቸው ሐኪም ትሆናለች ብለው አስበው ኖሯል፤ እርሷን ግን አልጠየቋትም።

የኮሌጅን ለልጁ መስማማት እንዴት እንመርምር ለሚል ሰው የአባቶቻችን ሥርዐት መልካም ምሳሌ ይሆነዋል። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ አገር ለአገር የሚዞረው የቦታውን ዝና ተከትሎ ብቻ አልነበረም፤ የሚፈልገውን ትምህርት ተከትሎ ነው። ድጓ የሚሻው ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻው ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የሚሻው ወደ ጎንደር፣ ቅዳሴ የሚሻው ወደ ሰለልኩላ ወይም ወደ ደብረ ዓባይ፣ ቅኔ የሚሻው ወደ ዋድላ ወይም ወደ ጎጃም ይሄዳል። ጎንደር ከተማ ናት ብሎ ዝማሬ መዋሥዕትን ትቶ ጎንደር የሚቀመጥ ተማሪ ሞኝ ይባል ነበር። ስንቁንም ቢሆን ያውቀዋል፤ አኰፋዳውን አንግቶ ለምኖ እንደሚማር፣ የትኛው መንደር ለተማሪ እንደሚራራ ከእርሱ በፊት ከሄዱት ጠይቆ ነው የሚነሣው።

በአሜሪካን አገርም መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው። ልጁ የሚፈልገው ክፍል በኮሌጁ አለን? ካለስ ልጁን የተቀበለው ዩኒቨርሲቲው ብቻ ነው ወይስ ክፍሉም ጭምር? በብዙ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች የነርስነት፣ የምሕንድስናና የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍሎች ለብቻቸው የተወሰነ ቍጥር ብቻ ይቀበላሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ገብቶ ክፍሉ ሳይቀበለው የሚቀር ተማሪ ጥቂት አይደለም። ከገቡትስ ተማሪዎች ስንቱ ይመረቃሉ? መንግሥት ኮሌጅ ስኮርካርድ በሚል ስም ባዘጋጀው መዝገብ ውስጥ የየኮሌጁ የመመረቅ መጠን፣ የተመራቂዎች ዕዳና ገቢ ያለ ክፍያ ይገኛል። ስኮላርሺፕ ከተሰጠም በየዓመቱ እንዲቀጥል ምን ያህል ውጤት እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ አይቶ መፈረም ብዙዎችን አሳስቷል።

አሁን ስለ ስም። ዩ.ኤስ. ኒውስ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1983 ኮሌጆችን በደረጃ መደርደር ከጀመረ ወዲህ፣ ወላጆች ያንን ዝርዝር እንደ ስንክሳር በየዓመቱ የሚያነቡት ሆነዋል። በ2022 በኒው ዮርክ የሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ዝርዝር 2ኛ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር የሆኑት ማይክል ታዲየስ ለመጽሔቱ ከተላኩት አኃዞች አንዳንዶቹ ትክክል አለመሆናቸውን መርምረው አሳዩ። ዩኒቨርሲቲውም ስሕተት መኖሩን አመነ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በወጣው ዝርዝር ላይ 18ኛ ሆነ። በእነዚያ ወራት ውስጥ በየክፍሉ የሚሰጠው ትምህርት አልተለወጠም፤ መምህራኑም እነዚያው ነበሩ።

ቢሆንም ስም ባዶ ነው ብለን ለመናገር አንደፍርም። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ተመሳሳይ ኮሌጆች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች ስም ባለው የተማሩትንና ዝቅ ባለው የተማሩትን ለይተው ሲያነጻጽሩ፣ በኋላ ዘመን በሚያገኙት ገቢ ላይ ብዙ ልዩነት አላገኙም። ልጁን የሚያስከብረው የራሱ ችሎታና ትጋት ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተ ሰቦች የመጡት ስም ባለው ኮሌጅ በመማራቸው ተጠቅመው ተገኝተዋል፤ እነዚሁ ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ ባደረጉት ጥናትም ጥቁሮችና ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩ ተማሪዎች እንዲሁ ተጠቅመዋል። እንግዲህ ይህ የእኛን ልጆች በቀጥታ የሚመለከት ስለሆነ፣ «ስም ምን ያደርጋል» ብሎ ማለፍም አይገባም።

ይልቁንም ብዙ ወላጆች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። እጅግ ባለጸጎች የሆኑት ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ለድኻ ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚረክሱ ናቸው። ፕሪንስተን እ.ኤ.አ. በ2001 ከርዳታው ውስጥ ብድርን አውጥቶ በማይመለስ ስጦታ ተክቷል። ሃርቫርድም በ2025 ባስታወቀው መሠረት፣ ሀብታቸው ከተለመደው መጠን ያላለፈና የዓመት ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር የማይበልጥ ቤተ ሰቦች ልጃቸው የትምህርቱንም የማደሪያውንም የምግቡንም እንዳይከፍል ወስኗል። እንደነዚህ ያሉት ቍጥራቸው ጥቂት ነው፤ የሚቀበሉትም ከብዙ መካከል ጥቂቱን ነው። ስሙ ትልቅ ሆኖ ገንዘቡ ግን ይህን ያህል ያልሆነ ኮሌጅ ደግሞ ብዙ ነውና፣ ሁለቱን በአንድ ዐይን ማየት ያሳስታል። መለያው መንገድ አስቸጋሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ተማሪ በመንግሥት ርዳታ የሚማርበት ኮሌጅ ሁሉ በሕግ ተገዶ፣ ቤተ ሰቡ ገቢውን አስገብቶ የሚቀርበትን ክፍያ በግምት የሚያውቅበት ማስያ በድረ ገጹ ላይ ያኖራል። ከማመልከት በፊት አንድ ምሽት ለዚህ መስጠት ነው። ቀድሞ ለተቀበለኝ ኮሌጅ እገባለሁ ብሎ በፊርማ የሚያስገድደውን ማመልከቻ ግን፣ ሌሎች ደብዳቤዎችን ለማነጻጸር ዕድል ስለማይሰጥ፣ ይህን ሳያዩ መፈረም አይገባም።

ስለ ቅጹም ጥቂት እንናገር። ፋፍሳ የተባለው የመንግሥት ቅጽ በተለመደው ጊዜ የሚከፈተው በኦክቶበር 1 ቀን፣ ማለት በግሸን ማርያም በዓል ሰሞን ነው። ገቢው የሚታየው ከሁለት ዓመት በፊት በተከፈለው ግብር ነው። ከመንግሥት የሚገኘው የማይመለስ የፔል ስጦታ በ2025-26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበረ። ቤተ ሰቡ የሚኖርበት ቤት በዚህ ቅጽ እንደ ሀብት አይቈጠርም፤ አንዳንድ የግል ኮሌጆች ጨምረው በሚጠይቁት ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል በሚባለው ግን ሊቈጠር ይችላል። ከሁሉ ይልቅ ወገኖቻችንን የሚጐዳው፣ ወደ አገር ቤት ለእናት ለአባት የሚላከው ገንዘብ በፋፍሳ ላይ የሚጻፍበት መስመር አለመኖሩ ነው። አሜሪካዊው ሹም ይህን ገንዘብ በኪስ ያለ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ እኛ ግን ከኪሳችን ከወጣ ቈይቷል። ፕሮፋይል በሚጠየቅበት ኮሌጅ ልዩ ሁኔታን መግለጫ ቦታ ስላለ እዚያ መጻፍ ይቻላል፤ መቀበል አለመቀበል የእነርሱ ፈንታ ነው። ወላጅ ሥራ ቢያጣ ወይም ከባድ የሕክምና ወጪ ቢደርስበት ግን የርዳታው ቢሮ እንደገና እንዲመለከተው በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። ይህን መጠየቅ ልመና መስሏቸው የተዉ ብዙ ናቸው፤ ልመናም ቢሆን፣ አኰፋዳ አንግተን የተማርን ሰዎች ልጆች ነን።

ያች ልጅ የስቴቱን ዩኒቨርሲቲ መረጠች። ሁለት ዓመት ከቤቷ እየተመላለሰች ተምራ የነርስነት ክፍሉ ተቀብሏታል። አባትየው እስከ ዛሬ ድረስ ልጅዎ የት ትማራለች ሲባሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚመልሱት።

የእኛ ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም አንዲት ባል የሞተባቸው፣ በሆቴል ክፍል በማጽዳት የሚተዳደሩ እናት በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ የሆነውን ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ከእነዚያ ከባለጸጎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ አንዱ ለማመልከት ፈልጎ ነበር። እኛ ግን ያለፈው ዓመት ነገር ልባችንን አስፈርቶት ስለነበረ፣ ማስያውን ሳንመለከት «ልጄ፣ የዚያ ክፍያ በዓመት ወደ 90,000 ዶላር ይጠጋል፤ እናትህን አታስጨንቅ» አልነው። እርሱም ታዛዥ ልጅ ስለሆነ ተወው። ከብዙ ወራት በኋላ ለሌላ ተማሪ ስንል የዚያን ዩኒቨርሲቲ ማስያ ስንከፍት፣ የእናትየውን ያህል ገቢ ብናስገባ የቀረው ክፍያ ምንም ያህል ሆኖ አገኘነው። ይቀበሉት ነበር ማለታችን አይደለም፤ ስንቱን ጐበዝ ይመልሳሉ። በሩን ሳያንኳኳ የቀረው ግን በእኛ ምክንያት ነው።

ልጁ ዛሬ በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይማራል። በዚያ ስቴት የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትምህርቱን የተወሰነ ውጤት አምጥቶ ለጨረሰ ተማሪ በር የሚከፍት ስምምነት ከታወቁት የስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጋራ አለ፤ ፕሪንስተንም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወሩትን እንደገና መቀበል ጀምሯል። በጥምቀት ማግስት ልጁን በአዳራሹ አግኝተነው ጥፋታችንን ነገርነውና ይቅርታ ጠየቅነው። ጥቂት አሰበና «መምህር፣ የመዛወሪያው ማመልከቻ የሚዘጋው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀን። በዚያው ጠረጴዛ ላይ የሻዩን ብርጭቆ ገፋ አድርገን፣ እናቱንም ጠርተን፣ የግብር ወረቀታቸውን ከቤት እንዲያመጡ ላክናቸው።